ከቅጥሩ ውጭ ለቆመ ሰው፦ ጸሎት እንዴት ይጀመራል?

ታክሲ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ግማሹ ተሳፋሪ ያማትባል። ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ግንቡን ተሳልሞ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚመለስ ሰውም ሞልቷል። ለምን እንደማይገባ ቢጠይቁት የብዙው መልስ አንድ ነው፦ «በዚህ ኑሮዬ እንዴት ብዬ?» ይህን አክብሮት አልንቀውም። ከአባቶች የተረከብነው ሀብት ነው። ነገር ግን በእግዚአብሔር ፊት መቆም እንደሚያስፈራ የተማርነውን ያህል፣ መቅረብ እንደተፈቀደልን አልተማርንም። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ዳር ላይ የቆመ ክርስቲያን ብዙ ነው።

የምጽፈው ዳዊት ደግሞ ለማያውቅ፣ ጀምሮም ላቋረጠ፣ «እኔ መጸለይ አይሆንልኝም» ለሚል ሰው ነው። የያዝኩት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ሥርዐት ነው፤ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ያደጉ ቢሆኑም አብዛኛው ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ።

በማን በኩል እንደሚቀርቡ ይወቁ

በብሉይ ኪዳን ወደ ቅድስተ ቅዱሳን የሚገባው ሊቀ ካህናቱ ብቻ ነበር፤ እሱም በዓመት አንድ ቀን፣ ደም ይዞ። ሕዝቡ ውጭ ሆኖ ይጠብቃል። የአብያተ ክርስቲያኖቻችን አሠራር ራሱ ይህን ያስታውሰናል፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ወደ መጨረሻው ክፍል የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ናቸው። ጌታ በመስቀል ላይ በሞተ ጊዜ ግን የኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ መጋረጃ ተቀደደ። የዕብራውያን መልእክት አማኞችን በድፍረት እንዲቀርቡ የሚጋብዛቸው በዚህ ምክንያት ነው። ድፍረቱ ከእነሱ ጽድቅ የመጣ ሳይሆን ሊቀ ካህናቱ ክርስቶስ ድካማቸውን ስለሚያውቅ የተሰጣቸው ነው።

ወደ ተግባር እናውርደው። ትናንት ማታ ጠጥተው ገብተው ይሆናል። የትዳር ጓደኛዎን ክፉ ቃል ተናግረው ይሆናል። ጠዋት ሲነሡ የመጀመሪያው ሐሳብ «ዛሬስ በምን አፌ?» የሚል ነው። ጸሎቱ ይቀራል፤ ነገም በዚያው ይቀራል፤ ወር ይሞላል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። እንደዚያ ባለው ጠዋት ከማንኛውም ቀን ይልቅ ይቁሙ። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የነገረን ቀራጭ ሩቅ ቆሟል፤ ዓይኑን ወደ ላይ ለማንሣት አልደፈረም፤ ደረቱን እየመታ አንዲት አጭር ልመና ብቻ አቀረበ። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው እሱ ነው። ሩቅ መቆሙ አልጎዳውም። የሚጎዳው አፍሮ ሳይጸልይ ቢመለስ ነበር።

ልብዎ ሲወቅስዎ ወቀሳውን ይዘውት ይቁሙ። በግእዙ አቆጣጠር 50ኛው፣ በሌላው 51ኛው የሆነው የዳዊት መዝሙር ለዚህ ቀን የሚሆን የንስሐ ጸሎት ነው። ዳዊት ከኦርዮን ሚስት ጋር ከበደለ በኋላ ነቢዩ ናታን ሲገሥጸው የጸለየው ነው። ጉዳዩ ለንስሐ አባት የሚነገር ከሆነ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይንገሩ።

ሰዓትና ቦታ ይቁረጡ

ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያት ሠርታለች፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር ስለሚገጥም በእጃችን ያለው ሰዓት ራሱ አስታዋሽ ይሆነናል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት፣ 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ጊዜ ነው። ቢሮ ወይም ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ሰዓቱን አይቶ በልቡ አንዲት ቃል ቢናገር ከሥራው የሚያጎድለው ነገር የለም።

ለጀማሪ ግን ሰባቱንም አልመክርም። ሁለት ይያዙ፦ ጠዋት ከቤት ከመውጣትዎ በፊት፣ ማታ ከመተኛትዎ በፊት። ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይበቃል። በዐቢይ ጾም መግቢያ ብዙ ተነሣሥቶ በሁለተኛው ሳምንት የዳዊት መጽሐፉን ወደ መደርደሪያ የሚመልስ ሰው ብዙ ነው። የተሸከመው ከአቅሙ በላይ ስለነበር ነው። ጥቂት ይያዙ፤ የያዙትን ግን አይልቀቁ።

ቦታው ከተቻለ ወደ ምሥራቅ የሚያዩበት አንድ ጥግ ይሁን። ሥዕለ አድኅኖ ካለዎት እዚያ ያድርጉት። ቦታው በየቀኑ ባይቀያየር ይሻላል፤ ሰውነት ቦታን ይለምዳል። የጸሎት መጽሐፍዎ ስልክዎ ላይ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ዳታውን ያጥፉ። ይህን ትንሽ ነገር አይናቁ። በቴሌግራም ድምፅ መካከል የሚጸለይ ውዳሴ ማርያም በሚቀጥለው መልእክት ይቋረጣል።

ጌታ በማቴዎስ 6 በር ዘግተን እንድንጸልይ አስተምሮናል። የሚዘጋ በር የሌለው ሰውስ? በአንድ ክፍል ስድስት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ አለ። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት አለች፤ መጽሐፏን መግለጥ የማትችል፣ ማማተቧን እንኳ የምትደብቅ። ለእሷ የሳሙኤልን እናት ሐናን አስታውሳታለሁ። ሐና በሴሎ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት። እግዚአብሔር ግን ያን ድምፅ አልባ ጸሎት ሰምቶ ልጅ ሰጣት። ሰሃን እያጠቡ፣ ልብስ እየተኮሱ በልብ የሚቀርብ ጸሎት ሙሉ ጸሎት ነው። «ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፣ አልሰገድኩም» ብላችሁ እንደ ጉድለት አትቁጠሩት፣ እህቶቼ።

ከመናገርዎ በፊት ይቁሙ

ጫማዎን አውልቀው፣ ነጠላዎን አጣፍተው ይቁሙና ያማትቡ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገሩ አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይቆዩ። ደቂቃዋ ቀላል አይደለችም፤ አእምሮ ወዲያው የገበያውን፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ፣ ትናንት የሰሙትን ነገር ይዞ ይመጣል። አይታገሉት። በማን ፊት እንደቆሙ ብቻ ያስቡ። አቅም ያለው ሦስት ጊዜ ይሰግዳል፤ ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። በእሑድና ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት የንስሐ ስግደት አይሰገድም፤ እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤም በእነዚህ ቀናት ቆሞ መጸለይን ደንግጓል።

ልብ ሳይመጣ ሰውነት ቀድሞ ሊቆም ይችላል። «ስሜቱ ሲመጣልኝ እጸልያለሁ» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል። ስሜቱ ሳይመጣም ይቁሙ፤ ብዙ ጊዜ ልብ ሰውነትን ተከትሎ ይመጣል።

አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብለው ይጸልዩ

ብዙዎቻችን ይህን ጸሎት በአንድ ትንፋሽ ነው የምንጨርሰው። ከልጅነታችን ስለምናውቀው ምላሳችን ብቻውን ይሄዳል። ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች የሥርዐት መጽሐፍ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጸለይ ያዝዛል። ደቀ መዛሙርቱ ጸሎት አስተምረን ባሉት ጊዜ ጌታ የሰጣቸው ይኸው ስለሆነ፣ ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ለአንድ ሳምንት ያህል በሚገባዎት ቋንቋ፣ በየልመናው እየቆሙ ይጸልዩት።

ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ልመናዎች ስለ ስሙ፣ ስለ መንግሥቱና ስለ ፈቃዱ ናቸው። የዕለት እንጀራ አራተኛ ላይ ነው የሚመጣው። እኛ ግን ከእንጀራው እንጀምራለን፦ የቤት ኪራይ፣ ቪዛ፣ የልጅ ፈተና፣ የደም ግፊት። ጌታ እነዚህን መለመን አልከለከለም። ቀድመን አባታችንን እንድናይ፣ ከዚያ ጉዳያችንን እንድናወጣ ነው ያስተማረን። ከደጅ ሆኖ ጉዳዩን ጮኾ የሚሄድና ገብቶ፣ ተቀምጦ የሚያወራ ልጅ አንድ አይደሉም።

እንዴት እንደሚሆን በአንድ ሰው ላይ እንየው። ነገ የሚከፍለው የቤት ኪራይ 6000 ብር ጎድሎታል። ይቆማል፤ ያማትባል፤ የመጀመሪያውን ቃል ብሎ ይቆማል፤ አከራዩም ሆነ አሠሪው ሳይሆን አባት ፊት ለፊቱ እንዳለ ያስባል። ስሙ ስለሚቀደስበት ሲጸልይ፣ ነገ ከአከራዩ ጋር ሲነጋገር እንዳይዋሽ፣ በእሱ ምክንያት የክርስቲያን ስም እንዳይሰደብ ይለምናል። መንግሥቱ ሲደርስ እሱ ብቻ እንዳልተቸገረ ያስታውሳል፤ በዚያው ግቢ ያለችውን ባሏ የሞተባትን ጎረቤት በስሟ ይጠራል። ፈቃዱ ላይ ሲደርስ የሚፈራውን ነገር፣ ከቤቱ መውጣትን፣ ሳይሸፍን ይናገራል፤ ይህ ቢሆን እንኳ እንዳይተወው ይለምናል። አሁን እንጀራው ጋ ደረሰ። «6000 ብር ጎድሎኛል» ይላል፤ ቁጥሩን ጠርቶ። ያው ችግር ነው፣ ያው ሰው ነው፤ እዚህ የደረሰው ግን ብቻውን አይደለም። ሁሉም ስምንት ደቂቃ አይሞላም።

ከዳዊት ጋር ይጸልዩ

የዳዊት መዝሙር በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። ሳምንቱን ተከትሎ የሚደግም ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ያደርሳል፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ነው። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል። ይህ ለበረቱት ነው። ጀማሪ በቀን አንድ መዝሙር ይበቃዋል፤ ድምፅ አውጥቶ ቢያነበው ደግሞ ይሻላል።

ዳዊት ከሁሉ በላይ የሚያስተምረን እውነት መናገርን ነው። በአገራችን ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል ቤቱ ተቃጥሎ እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። የእምነት ቃል ነው፤ እወደዋለሁ። ጸሎት ላይ ግን መክደኛ ሆኖ ልባችንን ሲዘጋው አያለሁ። በግእዙ አቆጣጠር 12ኛውን መዝሙር ይክፈቱ፦ ዳዊት እስከ መቼ እያለ አራት ጊዜ ይጠይቃል። ተረስቼ ቀረሁን ይላል፤ ጠላቴ በላዬ ይኩራራን ይላል። ከዚያ ይለምናል። በመጨረሻ ብቻ ነው በምሕረቱ መታመኑን የሚናገረው። 87ኛው (በሌላው 88ኛው) ደግሞ ከዚህም የከበደ ነው፤ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ይጨርሳል፤ ማጽናኛም የለውም። ቤተ ክርስቲያን ግን ከመጽሐፉ አላወጣችውም፤ ዛሬም እናደርሰዋለን። ልጁን የቀበረ አባት፣ ሥራ አጥቶ ዓመት የሞላው ወጣት በዚህ መዝሙር ሊጸልይ ይችላል። እግዚአብሔር የሚቀበለው የተስተካከለ ንግግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ መዝሙር እጃችን አይደርስም ነበር።

አሁን በራስዎ ቃል

ከመጽሐፉ ጸሎት በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ለራስዎ ቃል ይተዉ። አንዳንድ ኦርቶዶክሳዊ «ከመጽሐፍ ውጭ አይጸለይም» ብሎ ያስባል፤ አንዳንድ ወንጌላዊ ደግሞ የተጻፈ ጸሎት ከልብ አይወጣም ይላል። ሁለቱም ያጡት ነገር አለ። የተጻፈው ጸሎት ምን እንደሚለመን ያስተምረናል፤ የራስ ቃል ያን ትምህርት ወደ ቤታችን ያስገባዋል።

በዘፍጥረት 18 አብርሃም ስለ ሰዶም ሲለምን ይመልከቱት። ራሱን አፈርና አመድ ብሎ ይጠራል፤ እንዳይቆጣበት እየፈራ ይናገራል። እንዲያም ሆኖ ከ50 ጻድቃን ተነሥቶ ወደ 45፣ ወደ 40፣ ወደ 30፣ ወደ 20፣ ወደ 10 ይወርዳል። ስድስት ጊዜ ጠየቀ። እግዚአብሔር አንድም ጊዜ አላሳፈረውም። ፍርሃቱ አፉን አልዘጋውም፤ ድፍረቱም ንቀት አልሆነም። እኛም የምንፈልገው ይህን ነው።

ስለዚህ በግልጽ ይለምኑ። «ቤተሰቤን ባርክ» ብለው ከማለፍ የእያንዳንዱን ስምና ጉዳይ ይጥሩ። ምስጋናውም እንዲሁ ይሁን፤ ዛሬ ያገኙትን አንድ ነገር ለይተው ያመስግኑ።

ስለ ስለት አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው ስለት በእኛ ሕይወት ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ያውቃል። ሐናም ተስላለች። ስለቱ ምስጋና እስከሆነ ድረስ መልካም ነው። ዋጋ ሲሆን ግን ይበላሻል፤ ጃንጥላ ወይም ገንዘብ አቅርቦ እግዚአብሔርን ባለዕዳ ማድረግ አይቻልም። የተሳሉትን ይክፈሉ፤ የሚሳሉትንም አስበው ይሳሉ፤ ልመናዎ የሚሰማው ግን አባት ስለሆነ ነው።

ሐሳብ ሲበተን

ይበተናል። ሐሳብዎ እንደሄደ ያወቁበት ቅጽበት የመመለሻው ቅጽበት ነው፤ ራስዎን ሳይሰድቡ ካቆሙበት ስንኝ ይቀጥሉ። በጣም ሲያስቸግር ረጅሙን ጸሎት ትተው መቁጠሪያ ይያዙና እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስን 41 ጊዜ ቀስ ብለው ያድርሱ። ደጋግሞ የሚመጣ ሐሳብ ካለ ደግሞ ምናልባት ሊጸለይበት የሚገባው እሱ ራሱ ነው፤ ስሙን ጠርተው ያቅርቡት።

የተጣሉት ሰው ካለ

ጌታ በማቴዎስ 6 ጸሎቱን አስተምሮ ሲጨርስ ከልመናዎቹ ሁሉ ተመልሶ ያብራራው አንዱን ብቻ ነው፦ ይቅርታን። በምዕራፍ 5 ደግሞ መባ ይዞ የመጣ ሰው የተቀየመው ወንድም ካለ መባውን ትቶ መጀመሪያ እንዲታረቅ አዟል። በእኛ አገር በውርስ መሬት የተነሣ ዐሥር ዓመት ሰላምታ ያቋረጡ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር በተለያየ በር የሚገቡ ወንድማማቾች አሉ። ሁለቱም ይጾማሉ፣ ሁለቱም ይሰግዳሉ። ይህ ጉዳይ በእርስዎ ሕይወት ካለ ጸሎትዎን አያቁሙ፤ ግን በየዕለቱ ያን ሰው በስሙ ጠርተው መልካም ይለምኑለት። መጀመሪያ ጥርስዎን ነክሰው ይሆናል፤ ይሁን። ከዚያ ሽማግሌ ይላኩ። በደሉ ከባድ ከሆነ፣ የደበደበ ወይም የደፈረ ሰው ከሆነ፣ ይቅር ማለት ወደ እጁ መመለስ ማለት አይደለም፤ ተመለሱ የሚልዎ ካለ አይስሙት።

መልስ ሲዘገይ

ጌታ በጌቴሴማኒ አንዱን ልመና ሦስት ጊዜ ደጋገመ፤ ጽዋው ግን አላለፈም። ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሣለትም፤ ጸጋ ነው የተሰጠው። ስለዚህ ልመናዎ እንዳሰቡት ሳይሆን ሲቀር «እምነትህ ስላነሰ ነው» የሚልዎትን ሰው በእነዚህ በሁለቱ ይመልሱት። መለመኑን ይቀጥሉ፤ ዳኛውን ያሰለቸችው መበለት ምሳሌ የተነገረው እንዳንታክት ነው። ሲታመሙም ይጸልዩ፣ ጠበል ይጠመቁ፣ ሐኪም ቤትም ይሂዱ። የኤችአይቪ፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒትዎን ስለጸለዩ አያቋርጡ። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው።

ያቋረጡ ዕለት

ሠርግ ይመጣል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ የሌሊት ፈረቃ ይመጣል፤ ሁለት ቀን፣ ሳምንት ያልፋል። ያለፈውን ለማካካስ አይሞክሩ። አምስት ቀን ያልደረሰ ዳዊት በአንድ ሌሊት ሲደረስ ሸክም ይሆንና በስድስተኛው ቀን ጭራሽ ይቀራል። የዛሬውን ብቻ ይጸልዩ። ዐሥሩ ደቂቃ ከከበደዎት አቡነ ዘበሰማያትን ብቻ ያድርሱና ይተኙ። መቋረጡ በየወሩ የሚደጋገም ከሆነ የንስሐ አባትዎ ጋ ሄደው ሦስት ነገር ይንገሯቸው፦ ስንት ሰዓት እንደሚተኙና እንደሚነሡ፣ ምን ያህል ለመጸለይ እንዳሰቡ፣ የትኛው ላይ እንደሚሰናከሉ። ከዚያ ከኑሮዎ ጋር የሚሄድ ልክ እንዲሰጡዎት ይጠይቋቸው፤ የሰጡዎትንም፣ ቢያንስብዎት እንኳ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይያዙት።